ፓኮ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ፓኮ ከስፔን ደወለልኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነጋገረኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይደለም፤ ሰው በስልክ ቀስ ብሎ ያወራል። ፓኮ ግን ቀስ ብሎ ማውራት አያውቅም። እሱ ሲደውል ስልኩን ከጆሮዬ አንድ ክንድ አርቄ ነው የምይዘው፤ ባለቤቴ አስቴር ወጥ ቤት ሆና እያንዳንዱን ቃል ትሰማለች። ቅዳሜ ግን ጆሮዬ ላይ ለጥፌውም በቅጡ አልሰማሁትም። «ስዩም፣ አሁን ማውራት አልችልም። በኋላ እደውላለሁ» አለኝና ዘጋው። መልሼ ስደውል አይነሣም። ማታም ደወልኩ፣ በማግስቱም ደወልኩ፤ አይነሣም። አስቴር «ቢዚ ሆኖ ይሆናል፣ ምን እንዲህ ያንቀጠቅጥሃል?» ትለኛለች። ሳይገባት ቀርቶ አይደለም፣ እኔን ለማረጋጋት ነው። ፓኮ ዝም ሲል ምን ሊመጣ እንደሚችል ከኔ ሌላ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሷ ነች።

እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። ይህን መናገር አያሳፍረኝም፤ ዕድሜዬ ስድሳን አልፏል፣ ከእንግዲህ ጀግና ነው ብሎ ልጁን የሚድርልኝ የለም። ትናንት ቤት መቀመጥ ሲያቅተኝ የጉልበት ቅባት ልግዛ ብዬ ዶራቪል ወዳለው የኮሪያዎች ገበያ ሄድኩ። ከዓሣው መደብ አለፍ ብሎ ቅባትና ሻይ ቅጠል የሚደረደርበት መደርደሪያ አለ። አንዷን ብልቃጥ ከፍቼ ሳሸታት ያ የድሮው ሽታ፣ ካምፎርና ናና የተቀላቀለበት፣ አፍንጫዬን ሰንጥቆ ገባና ቆሜ ቀረሁ። ፓኮ ከጨዋታ በፊት ጉልበቱንና ትከሻውን የሚታሽበት ቅባት ሽታ ነው። ከኋላዬ ጋሪ የምትገፋ ሴት «ኤክስኪዩዝ ሚ» ስትለኝ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት። ገዝቻት መጣሁ። ይህን ስጽፍ ብልቃጧ ክዳኗ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነች፣ ስልኩም ከጎኗ ነው።

ጊዜው ይህ በስደት የምንኖርበት ከተማ ለኦሎምፒክ የሚቆፈርበት ሰሞን ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አስቴር ታስታውስ ይሆናል፤ እኔ የማስታውሰው ቤንዚን ጋሎኑ ከዶላር በታች እንደነበረና ትከሻው የሰፋ ኮት ፋሽን እንደነበረ ነው። ቻምብሊ ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ አፓርትመንት ተከራይተን ነበር፤ ከላያችን ሜክሲኮዎች፣ ከጎናችን ቬትናሞች፣ ከታች ደግሞ ገና የመጡ የኛ ልጆች። በደጃችን የሚያልፈው ቡፎርድ ሃይዌይ ያኔ የእግረኛ መንገድ የሚባል አልነበረውም። ሰዉ ሣሩ ላይ ራሱ ረግጦ ባወጣው የአፈር መስመር ነበር የሚሄደው፤ ከአውቶቡስ የወረደም ያን ሁሉ የመኪና መስመር መሃል ላይ እየቆመ በሩጫ ይሻገራል። ከመንገዱ ማዶ አንድ ዳቦ ቤት ነበር፣ ትኩስ ዳቦ በሃምሳ ሳንቲም የሚሸጥ። ሽታው እየጠራኝ መሻገሩን ፈርቼ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። ዛሬ መብራትም የእግረኛ መንገድም አለው፤ ዳቦ ቤቱ ግን የስልክ መሸጫ ሆኗል።

እኔና ፓኮ ምንጣፍ እናነጥፍ ነበር። ተከራይ ከአፓርትመንት ሲወጣ አሮጌውን ምንጣፍ ገንጥለን፣ ወለሉን ጠርገን፣ አዲሱን ከግድግዳ ግድግዳ እንወጥራለን። መወጠሪያው ብረት በጉልበት እየተመታ ነው የሚሠራው፤ የዛሬው የጉልበቴ ሕመም የዚያ ነው። የሥራው ባለቤት የፓኮ ሚስት ወንድም ነበር፣ ፓኮንም ከነሚስቱና ከነሕፃን ልጁ ከስፔን ያስመጣው እሱ ነው። ቫናችን ሙጫና ያን ቅባት ይሸት ነበር። ስለ ካሴት ስምምነት ነበረን፤ ወደ ሥራ ስንሄድ የሱ፣ ስንመለስ የኔ። የሱ ዘፋኞች የሚጣሉ ይመስሉኝ ነበር። አንድ ቀን የኔን ካሴት እስከ መጨረሻው ሰምቶ በተሰባበረ እንግሊዝኛው «ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። «ፍቅር ይዞት ነው» አልኩት። «እኔ ቤቱ የተቃጠለ መስሎኝ ነበር» አለ።

ባዶ ክፍል ያስተጋባል፣ ፓኮ ደግሞ ያው ነው። ግድግዳው እስኪነቃነቅ እየጮኸ ነበር የበረኝነቱን ታሪክ የነገረኝ። የተወለደው በስፔን ሰሜን፣ ዝናብ በማያባራበት አንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። አባቱ ጀልባ ይጠግኑ ነበር። ታላቅ ወንድሙ አጥቂ መሆን ፈልጎ ኳስ የሚመታበት ሰው ሲያጣ ፓኮን የጀልባ መጠገኛው በር ላይ ገትሮ አቆመው። ኳሷ ካለፈችው ቀለምና ቅጥራን መሃል ነው የምትገባው፣ አባትየው ደግሞ ቁጡ ናቸው። «ጎል እንዳይገባ አልነበረም ኳስ መያዝ የተማርኩት» ይለኝ ነበር፤ «አባቴ እንዳይወጣ ነው።» እናቱ የሱፍ ጓንት ሠርታለት፣ ሲረጥብ እንደ እርጥብ ድመት የሚከብድ፣ በዚያ ጓንት ለከተማው ቡድን ተጫወተ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወጣ። ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ፣ መስኮት ላይ ተደግፎ አንቀላፍቶ፣ ጭቃ ሜዳ ላይ መውደቅ ነበር ኑሮው። አንድ ዓመት ብቻ ከትልልቆቹ ጋር በአንደኛው ዲቪዚዮን ተጫውቷል። ያን ዓመት ሲያወራ ሥራ ይቆማል። ጥቁር ማሊያውን፣ ብጫ ቁጥሩን፣ ከአንድ ታላቅ ቡድን ላይ ያዳናትን ፍፁም ቅጣት ምት አዲሱ ምንጣፍ ላይ እየወደቀ ያሳየኛል። እኔ ለመስኮቱ እፈራለሁ። ታሪኩ ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያበቃ ነበር። «ከዚያስ?» ስለው «ከዚያማ ምንጣፍ» ይለኛል።

የኛ ቡድን በበኩሉ በረኛ አልነበረውም። ኳስ ሜዳው ዶራቪል ውስጥ ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከየሰፈሩ እንሰበሰባለን፣ የታክሲ ነጂው፣ የፓርኪንግ ሠራተኛው፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት። ሁላችንም አጥቂ ነን። አንዱም አገር ቤት ሳለ በር ቆሜ አውቃለሁ የሚል የለም። ስለዚህ በረኛ የሚሆነው አርፍዶ የመጣ ሰው ነበር፣ እሱም እያኮረፈ። አምበላችን ጋሽ ወርቅነህ ነበሩ፤ ሃምሳ ሊሞላቸው የደረሱ፣ ፀጉራቸው የነጣ፣ ግን ከተከላካይ ቦታ ንቅንቅ የማይሉ ሰው። እኔ ከአውሮፕላን ስወርድ በታክሲያቸው መጥተው የተቀበሉኝ፣ ቤት ያከራዩኝ፣ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሡልኝ እሳቸው ናቸው። ስለ ፓኮ ስነግራቸው «እውነተኛ በረኛ? ከስፔን? ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ ፒክ አድርገኸው አትመጣም?» አሉኝ። እኔም አመጣሁት።

የመጀመሪያ ቀን ጥቁር ማሊያውን ለብሶ፣ ቅባቱን ተቀብቶ ሲመጣ ልጆቹ ሁሉ ዞር ብለው አዩት። አንድ ቃል አስተማርነው፤ «ልቀቅ!»። እሱን ተቀብሎ አገር ምድሩን አደበላለቀው። ኳስ ወደ በሩ በመጣች ቁጥር «ልቀቅ!» እያለ ሲጮኽ ማዶ ያለ የውሻ ጩኸት ይከተለዋል። ልጆቹ ወደዱት። ጎል መግባት ቀነሰ። ጋሽ ወርቅነህን ግን በልጆቻቸውና በሚስታቸው ፊት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በቄሱ ፊት፣ «ልቀቅ!» ብሎ ማሊያቸውን ይዞ ከበሩ ጎተታቸው። ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

እኔ ግን መፍራት የጀመርኩት ከሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ቻምብሊ ውስጥ አንድ ሰፊ ሳሎን ስናነጥፍ የፓኮ ምንጣፍ በግራ በኩል ተንሻፎ ወጣ። አፈረስንና ደግመን ሠራን፤ ዳግመኛ በግራ ተንሻፈፈ። ከዚያ በግራው ያስቀመጥኩለትን ቢላዋ በእጁ ሲዳስስ አየሁት፤ አጠገቡ ነው፣ አያየውም። «ፓኮ፣ ግራ ዓይንህ ምን ሆኗል?» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ሲወርድ የሰማሁት ያኔ ነው። ምንጣፉ ጥቅል ላይ ተቀመጠና ታሪኩ የሚያበቃበትን ቦታ ነገረኝ። በዚያ ከትልልቆቹ ጋር በተጫወተበት ዓመት መጨረሻ፣ ማዕዘን ምት ሲመታ ከበሩ ወጥቶ ዘለለ፤ የአንድ አጥቂ ጉልበት ግራ ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። ሲነቃ ሚስቱን አላወቃትም። እሷን ቀስ በቀስ አወቃት፣ ግራ ዓይኑ ግን ጉም ሆኖ ቀረ። ሐኪሙ ምሕረት የለሽ ሰው ነበር ይላል፤ «ሌላ እንዲህ ያለ ምት ካገኘህ፣ እኔ ዘንድ አያመጡህም» አለው።

«ታዲያ እኛ ጋ ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«የመጨረሻ ኳሴን አላየኋትም» አለኝ። «ገባች ብለው ሆስፒታል ውስጥ ነው የነገሩኝ። ሰው መጨረሻውን ከሌላ ሰው አይሰማም፣ ስዩም። አንዲት በደንብ ያየኋት፣ እጄ የገባች ኳስ ይዤ ልውጣ።»

«ከግራ ሰው ቢመጣብህስ?»

«ለዚህ ነዋ የምጮኸው። የማላየውን ሰው በድምፄ ነው የማርቀው።» ከዚያም ለማንም እንዳልናገር በልጄ አስማለኝ። ካወቁ በር ላይ አያቆሙትም፣ የሚስቱ ወንድምም ቢላዋ አያስይዘውም። በልጅ ምሎ መካድ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አንባቢዬ ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቫኑን እኔ ነዳሁ። እሑድ ሲመጣ ደግሞ ቦታዬን ለቅቄ በግራው በኩል ተለጠፍኩ። ኳስ ከፍ ባለች ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ፣ «ልቀቅ!» የሚለውን ስሰማ እተነፍሳለሁ። ሰዉ የሚሳቀቅበት ያ ጩኸት ለኔ የማታ ጸሎት ሆነ።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ሽማግሌ የተላከው። ጋሽ ወርቅነህ ሁለት ሰዎች ይዘው አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ጠሩኝ። «ስዩም፣ ልጄ፣ ሰውዬውን ያመጣኸው አንተ ነህና አንተ ታስተረጉማለህ» አሉኝ። «ቂም የለንም። ጎበዝ በረኛ ነው፣ ኖ ኩዌሽን። ግን ሽበት ያለውን ሰው በሚስቱ ፊት እንደ ከብት አይነዱም። ኳሱን ይጠብቅ፣ አፉንም ይጠብቅ።»

«ጋሽ፣ ለበረኛ መጮኽ ሥራው ነው እኮ። ይቅርብዎ» አልኳቸው።

«ሥራውን በእጁ ይሥራ» አሉና ኮታቸውን ቆለፉ።

ፓኮ ቤት ስንገባ ከነከረባታችን ነበርን፤ አንድ ጠርሙስ ዊስኪና አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዘናል። ፓኮ ደነገጠ። እዚህ አገር ከመጣ ወዲህ ኮት የለበሰ ሰው ቤቱ የመጣው የቤት ኪራይ ሊጠይቅ ብቻ ነበር። ሚስቱ ወንበር ፈልጋ ከጎረቤት ተዋሰች። ጋሽ ወርቅነህ ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ስለ ፓኮ ችሎታ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጁ መልካም መልካሙን ከተናገሩ በኋላ ነገሩን አነሡ። እኔ አስተረጎምኩ። ስጨርስ ፓኮን በዓይኔ ለመንኩት፤ እምቢ በል፣ ወይም እውነቱን ተናገር። እሱ ግን ከጠረጴዛው ሥር በጫማው ጫማዬን ነካ አደረገኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። በሱም ከተማ ድሮ ሰው ሲጣላ ትልልቅ ሰዎች ቤት ድረስ ይሄዱ ነበር ብሎ ተናገረ፤ ከአባቱ ሞት ወዲህ እንዲህ ያከበረው ሰው እንደሌለ ተናገረ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ከእንግዲህ አልጮኽም» አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁት። እኔም «አሜን» አልኩ።

ቃሉንም ጠበቀ። የዚያን ሰሞን ያህል ፈርቼ አላውቅም፣ ብዙ ነገር ፈርቼ የማውቅ ሰው ነኝ። ሜዳው ጸጥ አለ። ልጆቹ «አሁን ገና ሰው ሆነ» ይላሉ። ኳስ ትመጣለች፣ ፓኮ ከንፈሩን ነክሶ ዝም ብሎ ይዘላል፣ ሰዎች ከግራው ሽው ብለው ያልፋሉ። እሱ እንዳለፉም አያውቅም። አንድ ቀን የአንዱ ልጅ ክርን ከጆሮው ጫፍ በአንድ ጣት ስፋት አለፈ። ከጨዋታው በኋላ ቤት ገብቼ እራት አልበላም አልኩ። አስቴር «ልብህን አሞህ ይሆናል፣ ዶክተር ጋ አፖይንትመንት እንያዝ» ትላለች፤ ምን ብዬ ልንገራት? ፓኮን ቫን ውስጥ «ተው፣ በቃህ፣ ወይ ጩህ ወይ ውጣ» እለዋለሁ። «ቃል ሰጥቻለሁ» ይለኛል። «ሐኪሙስ ያለህን ረሳኸው?» ስለው ካሴቱን ከፍ ያደርገዋል። በየመንገዱ ለኦሎምፒኩ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፣ እኔ ከእሑድ እሑድ የምኖረው በሥጋት ነው።

ኦሎምፒኩ ያለቀ ሰሞን፣ የአገራችን ልጅ ማራቶኑን አሸንፋ ሁላችንም በየመኪናው ክላክስ ስንነፋ ከርመን ገና ድምፃችን ሳይመለስ፣ ከጎረቤት ስቴት የመጡ ልጆችን ገጠምን። የተጫወትንበት ማሊያ አዲስ ነበር፣ እጥፋቱ እንኳ አልጠፋም። ሴቶቹ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ኩለር ሙሉ ለስላሳ ይዘው ሜዳውን ከብበዋል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኩል ለእኩል ሆነን ሊያበቃ ሲል ከቀኝ መስመር አንዲት ረጅም ኳስ ተነሣች። ፓኮ ዓይኑን እሷ ላይ ተክሎ ከበሩ ወጣ። በግራው በኩል ጋሽ ወርቅነህ፣ እሳቸውም ኳሷን አንጋጠው እያዩ፣ ያን ትልቅ ገላቸውን ይዘው ወደ ኋላ እየሮጡ ይመጣሉ። እሳቸው አያዩትም፣ እሱ ሊያያቸው አይችልም። ጭንቅላታቸው በቀጥታ ወደ ግራ ጆሮ ግንዱ ነው። «ልቀቅ!» የሚለውን ጠበቅሁ። የለም። እኔ ልጮኽ አፌን ከፈትኩ፤ ፍርሃት ጉሮሮዬን ዘግቶታል፣ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። እግሬ ግን አልተዘጋም ነበር። ሮጥኩና ራሴን ወርውሬ የጋሽ ወርቅነህን ሁለት እግር አቀፍኩ።

እንደ ግንድ ወደቁ። ክንዳቸው ከሥራቸው ሆኖ ሲሰበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ቀና ስል ፓኮ ከላያችን በአየር ላይ ነበር። ኳሷን በሁለት እጁ ይዞ፣ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በጉልበቱ አረፈ። ለረጅም ጊዜ አያት። ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ከዚያ ዞር ሲል አፈር ላይ የተጋደምነውን እኔንና ጋሽ ወርቅነህን አየና «ምን ሆናችሁ?» አለ። ምንም አላወቀም።

ከዚያ በኋላ ያለው ለኔ የመከራ ጊዜ ነበር። ጋሽ ወርቅነህ ከኢመርጀንሲ እጃቸው በጀሶ ታስሮ ወጡ፤ ታክሲውን አቆሙ። ልጠይቃቸው ብሄድ በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው «ተኝተዋል» ብለው መልሰው ዘጉት፤ ከውስጥ ሲያወሩ ይሰማኛል። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሰው ቦታ ይቀይራል። «የልጁን ክርስትና አባት በቀን ብርሃን ጠልፎ ጣለ» ይባላል፤ «ጠጥቶ ነው» ያሉም አሉ። አስቴር አለቀሰች። «አንድ ነገር በለኝ እንጂ፣ ለምን እንደዚያ አደረግህ?» ትለኛለች። ልጃችን አጠገቧ ተቀምጦ ያየኛል፣ በሱ ምያለሁና ዝም አልኩ።

ፓኮ የጠየቀኝ ቫን ውስጥ ነው። «ለምን ጣልካቸው?» አለኝ። «ከግራህ ነበር የመጡት» አልኩት። «ምን ያህል ቀርበው ነበር?» ሲለኝ መዳፌን አሳየሁት። ቀኝ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ወደኔ ዞረና እንዲሁ ቆየ። ከዚያ «አቁም» አለኝ። ነዳጅ ማደያው ጋ አቆምኩ። ወርዶ ከመንገዱ ዳር፣ ያ አፈር መስመር ላይ፣ ሲመላለስ ቆየ። ሲመለስ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እሑድ ከሚስትህ ጋር ጋሽ ወርቅነህ ቤት ና።»

እሑድ ስንደርስ ፓኮ ቀድሞን በር ላይ ቆሟል። ከየት እንዳመጣው የማላውቀው ኮት ለብሷል፤ በአንድ እጁ ዊስኪ፣ በአንዱ ከረጢት ብርቱካን። ጋሽ ወርቅነህ ግራ ገብቷቸው አስገቡን። ማንም አልተቀመጠም። ፓኮ እጁን አጣምሮ፣ ልክ እሳቸው ያኔ እንደቆሙት ቆሞ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ተከላካይነታቸው መልካም መልካሙን በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተናገረ፤ ድምፁን እንደ ሕመምተኛ ዝቅ አድርጎ። ጋሽ ወርቅነህ ወደኔ ዞረው፣ ካኮረፉኝ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ምነው ቀስ ብሎ ያወራል? አሞታል?» አሉኝ።

«ቃል አስገብተውታል እኮ፣ ጋሽ» አልኳቸው።

ፓኮ ግራ ዓይኑን በጣቱ አሳያቸው። ስለ አጥቂው ጉልበት፣ ስለ ሐኪሙ፣ ለምን ይጮኽ እንደነበር ሁሉንም ነገራቸው። «ስዩም የጣለዎት እርስዎን ጠልቶ አይደለም። የእርስዎ ክንድ ባይሰበር እኔ ነበርኩ የምቀበረው» አላቸው፤ እኔ አስተረጎምኩ። አስቴር እጄን ያዘችኝ። ጋሽ ወርቅነህ ጀሶዋቸውን አዩ። ከዚያ አማተቡ። «በስመ አብ! እኛ ነን እኮ አፉን የዘጋነው» አሉ። «ልጄን አንድ ቃል እንኳ ሳልሰማው ፊቴን አዞርኩበት።» በደህናው እጃቸው አንገቴን ስበው ሳሙኝ። ከዚያ ፓኮን እያመለከቱ፣ «ንገረው፣ ስዩም። ከዛሬ ጀምሮ ይጩህብን። እኔ ላይ ደግሞ በተለይ» አሉ።

ፓኮ ጓንቱን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አይቻታለሁ፣ በቃኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ በር አልቆመም፤ ከበሩ ጀርባ ነበር የሚቆመው። እዚያ ሆኖ ለአዲሱ በረኛ፣ ለተከላካዩ፣ ለዳኛው፣ ለሁሉም ይጮኻል። ጋሽ ወርቅነህ አጠገቡ በታጣፊ ወንበር ተቀምጠው፣ «ልቀቅ!» ባለ ቁጥር «ሰምታችኋል?» ይላሉ። እኔም ተነፈስኩ። የፓኮ ልጅ ኮሌጅ ስትጨርስ እሱ እናቱን ለማስታመም ወደዚያች ዝናባም ከተማ ተመለሰ፣ ልጁም ተከትላው ሄዳ እዚያው ተዳረች። ጋሽ ወርቅነህ ዛሬ ጆሯቸው ደክሟል፤ ያለ መስሚያ መሣሪያ የሚሰሙት የፓኮን ስልክ ብቻ ነው። ትናንት ደውዬ «ፓኮ ደውሎልዎ ነበር እንዴ?» አልኳቸው። «ኧረ አልደወለም፣ ምነው?» አሉኝ። «ቀስ ብሎ አወራኝ» አልኳቸው። «በል እስቲ ደጋግመህ ሞክር» አሉኝ። እሳቸውም እንደፈሩ አወቅሁ።

እዚህ ላይ ስደርስ ስልኩ ጠራ። ሳነሣው ቅባቷን ደፋኋት።

«ስዩም» አለኝ። አሁንም ሹክሹክታ ነው።

«ፓኮ! ምን ሆነህ ነው? ራስህን ነው? ዓይንህን ነው? ወድቀህ ነው?»

«እሽሽሽ» አለኝ። «ልጄ ወለደች። ጊዜው ሳይደርስ ነው የመጣው፣ ጓንት ነው የሚያክለው። እስከ ዛሬ ሆስፒታል ነበርን፤ ስልክ ያነሣሁ እንደሆነ ክፉ ነገር የምናገር መስሎኝ ፈራሁ። ዛሬ ወደ ቤት ላኩን። አሁን ደረቴ ላይ ተኝቷል፣ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። «በየት በኩል ነው የተኛው?» አልኩት።

«በግራ።»

«አታየውማ!»

«አላየውም» አለኝ። «ትንፋሹን ነው የምሰማው። ለዚህ ነው ዝም ያልኩት። ይህኛው ያለ ሽማግሌ ነው ያስማለኝ።»

ሁለታችንም ስልኩን ይዘን አደመጥን። ያችን ትንፋሽ የሰማሁ መሰለኝ፤ ላይሆንም ይችላል። አስቴር ከወጥ ቤት እጇን እየጠረገች እየሮጠች መጣች፣ «ምን አለ? ደህና ነው? ተናገር እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። «ቀስ በይ» አልኳት፤ «ሕፃኑ ይነቃል።»